ርግቦቹ አላጠፉም

ሥራዬ ዲሽ መግጠም ነው። ሱቄ ኮልፌ ነው፤ ሪሲቨርና ሪሞት እሸጣለሁ፣ የተበላሸ ቴሌቪዥንም እጠግናለሁ። "ዲሽ ሠሪ ስለ ዓለም አጀማመር ምን አግብቶት ያወራል?" ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። የዓለምን መጀመሪያ ዱካ ያገኙት አንቴና ሲያስተካክሉ የነበሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ፈልገውት እንኳ አልነበረም። ያስቸገራቸው እኔን በየቀኑ የሚያስቸግረኝ ነገር ነው፤ ኖይዝ፣ ማለትም ሲግናል ላይ የሚቀላቀል ረብሻ።

ታሪኩን ሱቅ ለመጣ ሁሉ ስለምተርክ ሰፈር ውስጥ ስም ወጥቶልኛል። ጥያቄውም ሁልጊዜ አንድ ነው። "ታዲያ ፈጣሪ አለ ነው የምትለው የለም?" የሪሞት ባትሪ ሊገዛ የመጣ ሰው ሳይቀር ይህን ጠይቆኝ ይሄዳል። ቆሞ የሚያልቅ ወሬ አይደለም። ስለዚህ ልጻፈው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ኖይዝ እንግባባ። ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ የሬዲዮ ሞገድ ያወጣል። ግድግዳው፣ ዛፉ፣ አንተም ጭምር። ዲሹን ከሳተላይቱ አንስተህ ወደ መሬት ብታዞረው ኖይዙ ይጨምራል፤ መሬት ሙቅ ናትና። ፀሐይማ አይወራም። በየዓመቱ በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት መጀመሪያ ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ የምታልፍባቸው ጥቂት ቀናት አሉ። ኢትዮሳት ላይ የተስተካከለ ዲሽ ረፋድ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ድርግም ይላል። ደንበኛ ይደውላል። "ዲሹ ተበላሽቷል፣ ቶሎ ድረስ።" እኔም "ትንሽ ይታገሱኝ፣ አሁን ይመለሳል" እላለሁ። ሲመለስ ከሱቄ ሆኜ የጠገንኩት ይመስላቸዋል። አላስተባብልም።

ለዚህ ነው መሐንዲሶች ኖይዝን በሙቀት የሚለኩት፣ በኬልቪን። ዜሮ ኬልቪን የመጨረሻው ቅዝቃዜ ነው፤ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 273 ገደማ። ገበያ ላይ ያለው ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ለፊት የሚገጠመው ሲግናል ተቀባይ) ላይ የኖይዙን መጠን የሚናገር "0.1 ዲቢ" የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ወደ ኬልቪን ሲመለስ 7 አይሞላም። የካርቶን ላይ ጽሑፍ ማን ያምናል፣ ግን ቁጥሯን ያዙልኝ።

ሁለቱ ሰዎች አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን ይባላሉ፤ ቤል ላብስ በሚባል የአሜሪካ ስልክ ኩባንያ የምርምር ተቋም ውስጥ ይሠሩ ነበር። በ1964 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሆልምዴል በሚባል ቦታ የነበረ አንድ ግዙፍ አንቴና እጃቸው ገባ። የኛ ዓይነት ሳህን አይደለም፤ የጥሩንባ ቅርጽ ያለው፣ አፉ 6 ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ሰው ውስጡ ገብቶ የሚሠራበት ነው። የተሠራው ኤኮ ከሚባለው የፊኛ ሳተላይት ነጥሮ የሚመለሰውን ሲግናል ለመቀበል ነበር። ያ ሥራ ሲያልቅ ሁለቱ ሰማይ ሊለኩበት ተነሱ። ሰማዩን ከመለካታቸው በፊት ግን የራሱን የአንቴናውን ኖይዝ ማወቅ ነበረባቸው። በፈሳሽ ሂሊየም የቀዘቀዘ ማነጻጸሪያ ሠሩ። ከዚያ አንድ በአንድ ደመሩ። ከአየሩ 2.3 ኬልቪን። ከአንቴናው ብረትና ከመሬቱ ተደምሮ አንድ እንኳ የማይሞላ። መሣሪያው ግን 6.7 ይላል። 3.5 ኬልቪን ባለቤት አጣች።

ካርቶን ላይ ከሚጻፈው ግማሽ ማለት ነው። እኔ ብሆን "አቦ፣ ይቅርታ ይደረግላት፣ ምስሉ መጥቷል" ብዬ ሒሳቤን እቀበላለሁ። እነሱ ግን እንቅልፍ አጡ። አንቴናውን ወደ ኒው ዮርክ ከተማ አዞሩት፤ ለውጥ የለም። ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞሩት፤ ያው ነው። ክረምት ከበጋ ጠበቁ፤ ወይ ፍንክች። የብረቱን መገጣጠሚያ በሙሉ በአሉሚኒየም ፕላስተር ለጠፉት። ይቺ ነገር ልቤን ትነካኛለች፤ እኛም እንለጥፋለንና። ምንም።

ከዚያ ርግቦቹ ተገኙ። ሁለት ርግቦች ከጥሩንባው ጉሮሮ ሙቅ ቦታ ላይ ጎጆ ሠርተዋል፣ ውስጡንም በኩሳቸው ለብጠውታል። ፔንዚያስ በጽሑፍ ሲገልጸው በጨዋ የመሐንዲስ ቋንቋ "ነጭ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ቁስ" ብሎታል። ርግቦቹን ያዟቸው፣ በድርጅቱ ፖስታ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ላኳቸው፣ እዚያ ተለቀቁ። ርግብ ርግብ ነው፤ ተመልሰው መጡ። በመጨረሻ ተተኮሰባቸው። ኩሱ ተጠረገ። ኖይዙ ለአመል ያህል ቢቀንስ እንጂ አልሄደም። ርግቦቹ በከንቱ ሞቱ።

60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሮበርት ዲኪ የሚባል ፊዚሲስት ይህችኑ ኖይዝ ሆን ብሎ ለመፈለግ አንቴና እያሠራ ነበር። ዓለም በጣም ሞቃትና እፍግ ብላ ከጀመረች ያ ሙቀት ቀዝቅዞ፣ ሬዲዮ ሞገድ ሆኖ ዛሬም መገኘት አለበት የሚል ስሌት ይዟል። ፔንዚያስ ወሬውን ከሰው ሰምቶ ደወለለት። ዲኪ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ምሳ ላይ ነበር። ስልኩን ዘግቶ "ተቀደምን" አላቸው።

በ1965 ሁለቱ ቡድኖች ጽሑፋቸውን ጎን ለጎን አወጡ። የፔንዚያስና የዊልሰን በጣም አጭር ነው። ስለ ዓለም አጀማመር አንዲት ቃል የለበትም። ይህን ያህል ትርፍ ኖይዝ አገኘን፣ ሊሆን የሚችለው ማብራሪያ እነ ዲኪ የጻፉት ነው፣ በቃ። ዊልሰን እንዲያውም በዚያን ጊዜ ዓለም መጀመሪያ የላትም ወደሚለው ሐሳብ ያዘነብል ነበር። የለኩትን አሉ፣ ያልለኩትን አላሉም። በ1978 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። የምወዳቸው ግን ለሽልማቱ ሳይሆን ለዚያች አጭር ጽሑፍ ነው።

ኖይዙ ምን ነበር? ዓለም በተስፋፋችበት በመጀመሪያው 380 ሺህ ዓመት ሁሉም ነገር የጋለ ጭጋግ ነበር። ብርሃን ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ከኤሌክትሮን ጋር ይጋጫል። ሙቀቱ ወደ 3 ሺህ ዲግሪ ሲወርድ ኤሌክትሮኖቹ ከኒውክሊየሱ ጋር ተያይዘው አተም ሆኑ፣ መንገዱ ተከፈተ፣ ብርሃኑ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ዓለም ወደ 1,100 እጥፍ ተለጥጣለች፣ ብርሃኑም አብሮ ተለጥጦ ወደ ሬዲዮ ሞገድነት ወርዷል። ዛሬ ሙቀቱ 2.725 ኬልቪን ነው። ሰዎች "ከየት አቅጣጫ ነው የሚመጣው?" ይሉኛል። ከሁሉም። ቡና ተፈልቶ ዕጣን የጨሰበት ቤት ስትገባ ሽታው ከየትኛው ጥግ መጣ ትላለህ? ቤቱን ሞልቶታል። ሱቄ ውስጥ ጀርባው የተንዘረጠጠ የድሮ ቴሌቪዥን አለ፤ ቻናል የሌለበት ላይ ሳደርገው ሽሽሽ እያለ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ይርመሰመስበታል። ከዚያ ርምስምስ ከመቶ አንድ ገደማው ይኸው የድሮ ብርሃን ነው። ልጆች ሲመጡ አሳያቸዋለሁ። ፍላት ቴሌቪዥኖቹ "ሲግናል የለም" ብለው ሰማያዊ ይሆናሉ፤ እነሱ ጋ አይታይም።

እስከዚህ ድረስ ማንም አይጣላኝም። ጠቡ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ዲያቆን ወዳጅ አለኝ። አብረን ሰንበት ትምህርት ቤት ተምረናል። ሃያ ሁለቱን ሥነ ፍጥረት እሑድ 8፣ ሰኞ 1፣ ማክሰኞ 3፣ ረቡዕ 3፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 4 እያልን በዜማ ያጠናን ልጆች ነን። ይህን ወሬ የነገርኩት ዕለት ከወንበሩ ብድግ አለ።

"ወንድሜ፣ ብርሃን የተፈጠረው መቼ ነው?"

"እሑድ።"

"ፀሐይስ?"

"ረቡዕ።"

"በል እንግዲህ! ፀሐይ ሳትኖር የነበረው ብርሃን ይኸው ነዋ። ፈረንጆቹ ያገኙት የእሑዱን ብርሃን ነው!"

እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይላል። መጀመሪያ ስሰማው ሰውነቴን ወረረኝ። ነገር ግን ዲያቆኑ ሳያውቀው የሮምን ፓፓ ነው የደገመው፤ የፓፓውን ንግግር ደግሞ ያልወደዱት የዚህ ሐሳብ አባት የሆኑት ካህን ራሳቸው ናቸው።

እኚህ ካህን ቤልጂጋዊው ዦርዥ ለሜትር ናቸው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መድፈኛ ነበሩ። በ1923 የካቶሊክ ቅስና ተቀበሉ፣ ጎን ለጎንም ፊዚክስ ተማሩ። በ1927 ከአንስታይን ቀመር ተነስተው ዓለም እየተስፋፋች ነው አሉ። አንስታይን ብራሰልስ ላይ ሲያገኛቸው ሒሳብህ ልክ ነው፣ ፊዚክስህ ግን ያስጠላል እንዳላቸው ይነገራል። አልተበሳጩም። በ1931 ደግሞ ወደ ኋላ ቆጥረው ሁሉም ነገር ከአንድ የመጀመሪያ አተም ተነሳ ብለው ጻፉ። ብዙዎች ጠረጠሯቸው። ቀሚስ የለበሰ ሰው "ዓለም መጀመሪያ አላት" ሲል ዘፍጥረትን በጓሮ በር ሊያስገባ ነው ቢባል አይገርምም። እንግሊዛዊው ፍሬድ ሆይል ከሁሉ በላይ ተቃወመ። ፈጣሪን አያምንም፤ ጅማሬ የሚባለው ነገር ሃይማኖት ይሸተዋል። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጀመሪያ የሌላት ዓለም ቀመረ፣ በ1949 ደግሞ በቢቢሲ ሬዲዮ የነለሜትርን ሐሳብ "ቢግ ባንግ" ብሎ ጠራው። ስሙ ቀረ፣ የሱ ሐሳብ ግን ወደቀ።

ኅዳር 1951 ላይ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ለሳይንስ አካዳሚያቸው ንግግር አደረጉ። የዛሬው ሳይንስ ዘመናትን ወደ ኋላ ተሻግሮ "ብርሃን ይሁን" ለተባለበት ቅጽበት ምስክር ሆነ የሚል ነበር። ልክ እንደኔ ዲያቆን። አባ ለሜትር ሊደሰቱ አይገባም ነበር? እንደ ካህን ጳጳሳቸው፣ እንደ ሳይንቲስት ሐሳባቸው አንድ መድረክ ላይ ቆመዋል። እሳቸው ግን ከቫቲካን የኮከብ መመልከቻ ኃላፊ ጋር ሆነው ይህ ነገር እንዳይደገም ተማጸኑ። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም የዓለም አስትሮኖመሮች ሮም ላይ ሲሰበሰቡ ፓፓው ንግግር አደረጉ፣ ያንን ነገር ግን አላነሱትም።

ለምን ፈሩ? በዚያን ጊዜ በነበረው ልኬት ዓለም 2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ ነበራት። ድንጋይ የሚለኩት ደግሞ ምድር ከ3 ቢሊዮን በላይ ናት ይላሉ። ምድር ከዓለም በዕድሜ በለጠች! ይህን የመሰለ ቀዳዳ ያለበትን ነገር የእምነት ምሰሶ አድርገህ ስትተክል አስበው። ደግሞም በዚያው በሮሙ ስብሰባ ላይ ዋልተር ባዴ የሚባል ሰው ተነስቶ የጋላክሲዎቹ ርቀት እስከዛሬ በግማሽ ተሳስቶ ነበር አለ። የዓለም ዕድሜ በአንድ ስብሰባ እጥፍ ሆነ። አሁን 13.8 ቢሊዮን ላይ ደርሷል። ቁጥሩ ይቀየራል፤ ሥራው ነው። አባ ለሜትር ሐሳባቸው ከሃይማኖት ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ውጭ እንደሆነ እስከመጨረሻው ተናግረዋል። አማኙ እንዲያምንበት፣ የማያምነውም እንዲክድበት አይገደድም።

ፔንዚያስ ራሱ በኋላ እንደ ዲያቆኑ ተናግሯል። በ1978 ከአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት፣ ከመዝሙረ ዳዊትና ከጠቅላላው መጽሐፍ ቅዱስ በቀር ምንም ባይኖረኝ የምገምተው ይህንኑ ያገኘነውን ነበር የሚል ይዘት ያለው ነገር ተናገረ። ከናዚ ጀርመን በ6 ዓመቱ በሕፃናት ባቡር ያመለጠ አይሁዳዊ ነውና እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። ግን እኔ የ1965ቱን ፔንዚያስ እመርጣለሁ።

በሌላ ወገን ደግሞ የእህቴ ልጅ አለ። ኮምፒውተር ይማራል፣ ዩቲዩብ ላይ ያድራል። "አጎቴ፣ ይሄ ነገር እኮ አልቆለታል። ሆኪንግ ፈጣሪ አያስፈልግም ብሏል" ይለኛል። አዎ፣ እንግሊዛዊው ፊዚሲስት ስቲቨን ሆኪንግ ብሏል። በ1983 ከጄምስ ሃርትል ጋር ሆኖ ጊዜ ጠርዝ የሌለበትን ሞዴል አወጣ፤ ከቢግ ባንግ በፊት ምን ነበር ማለት ከደቡብ ዋልታ በስተደቡብ ምን አለ እንደማለት ነው ይል ነበር። በ2010 ደግሞ የስበት ሕግ ስላለ ዓለም ራሷን ከምንም ልትፈጥር ትችላለች ብሎ ጻፈ። ልጁን አንድ ነገር ጠየቅኩት። የስበት ሕግ አለ ካልክ፣ የኳንተም ሕግ አለ ካልክ፣ ምን ቸግሮህ ነው "ምንም አልነበረም" የምትለኝ? ሕጉን ማን አመጣው፣ ወይስ እንዲሁ ነበር? ዝም አለ። ከዚያ "እሱ ሌላ ጥያቄ ነው" አለኝ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፣ ሌላ ጥያቄ ነው።

ከኖይዙ የምናውቀውን እንቁጠር ካላችሁ፣ ዓለም 380 ሺህ ዓመት እስከነበራት ጊዜ ድረስ ወደ ኋላ በቀጥታ እናያለን። ከዚያ ወዲያ ብርሃን አያልፍም። ሂሊየም ደግሞ ከዚያም አልፎ ወደ ኋላ ይመራናል፤ ከተራው ቁስ በክብደት ሩብ ያህሉ ሂሊየም የሆነው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች በተሠራው ምክንያት ነው። ከዚያ በጣም ወደ ኋላ ስትሄድ የአንስታይን ቀመር ራሱ ይሰበራል። የጅማሬዋን ነጥብ ያየ መሣሪያ የለም። ዲያቆኑም የእህቴ ልጅም የሚከራከሩት መሣሪያ ስላልደረሰበት ቦታ ነው፣ ሁለቱም ግን መሣሪያውን ምስክር ይጠራሉ።

ከሁሉም ያስደነቁኝ ኡስታዝ ናቸው። ቤታቸው የሄድኩት ዲሹን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ላዞር ነበር። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ ዲሹ ወደ ምዕራብ አጎንብሷል። ለኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ዲሹን ዞር አድርጎ በደንብ ወደ ላይ ቀና ማድረግ ይጠይቃል። ብሎኑ ዝጎ አልላላ ብሏል። ኡስታዝ መሰላሉን ይዘውልኛል። እኔ ቆርቆሮው ላይ ቁልፌን ይዤ እየታገልኩ፣ እሳቸው ከታች ሆነው ስለ ጥንቱ የእስልምና ሊቅ ስለ ኢማም ገዛሊ ያወሩኛል።

"መጀመሪያ ያለው ሁሉ አስጀማሪ አለው። ዓለም መጀመሪያ አላት። እና?"

"አስጀማሪ አላት" አልኩ ከላይ። "ግን ኡስታዝ፣ ነገ ሳይንቲስቶቹ ተነስተው ከቢግ ባንግ በፊትም ዓለም ነበረች ቢሉስ? የሚሉም አሉ እኮ።"

ትንሽ ዝም አሉ። መሰላሉ የተነቃነቀ መሰለኝና ወደ ታች አየሁ። ፈገግ ብለዋል።

"ኢብኑ ሲና እንዲያ ብሎ ነበር" አሉ። "ዓለም በጊዜ መጀመሪያ የላትም፤ ግን በራሷ አልቆመችም። ሁሌም ያቆማት አለ። አላህ የሚያስፈልጋት ለመጀመር ብቻ አይደለም፣ ለመኖር ነው። ገዛሊ በዚህ ክፉኛ ተነስቶበታል።"

"እርስዎስ ከማን ጋር ነዎት?"

"እኔ ከገዛሊ ጋር ነኝ። አንተ ግን ልጄ፣ ኢብኑ ሲና ሳትሆን አትቀርም።"

ብሎኑ በዚህ መሀል ላላ። ፊደል ቆጥሬ ያልደረስኩበትን ነገር የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ የሞተው ሐኪምና ፈላስፋ ኢብኑ ሲና ተናግሮት ኖሯል። እኔ አማኝ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ እጾማለሁ፣ ዓለም ካለመኖር ወደ መኖር መጣች ስባል አሜን እላለሁ። ግን አሜን የምለው የ3.5 ኬልቪኗን ነገር ሰምቼ አይደለም። ነገ ሌላ አንቴና ተሠርቶ ዓለም መጀመሪያ የላትም ቢባል የዓርብ ጾሜን አልፈታም። ዛሬ ይህች ዓለም፣ ሕጓም፣ ኖይዟም፣ ዲሹን የያዘው የዛገ ብሎንም ለምን አለ የሚለው ጥያቄ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ወደ ኋላ ሳልሄድ እዚሁ ቆርቆሮው ላይ ይጠብቀኛል። የእህቴ ልጅ "እንዲሁ አለ" ቢለኝ ልረታው አልችልም። እሱም ሊረታኝ አይችልም። ፔንዚያስና ዊልሰን ለማናችንም አይፈርዱም።

ይህን ሁሉ ለዲያቆኑ አስረድቼዋለሁ። ስለ አባ ለሜትርም፣ ስለ ባዴም፣ ስለ ድንጋዮቹ ዕድሜም። በትዕግሥት አዳመጠኝ፣ ቡናውንም ጨረሰ፣ "ልክ ነህ ወንድሜ፣ መጠንቀቅ ጥሩ ነው" አለኝ። በሳምንቱ የእህቴ ትንሿ ልጅ ከሰንበት ትምህርት ቤት ስትመለስ ነገረችኝ፤ ዲያቆኑ ስለ እሑዱ ብርሃን ሲያስተምር "ሰፈራችን ያለው ዲሽ ሠሪ በቴሌቪዥኑ አይቶታል" ብሎ የኔን ሱቅ ምስክር አድርጎ ጠርቷል። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄ በር ላይ ሕፃናት ይሰለፋሉ። የድሮውን ቴሌቪዥን እከፍትላቸዋለሁ።